ፖስታ ቤቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይከፈታል

ሰማዩ ከሮብ ገበያ ሰው ጋር የተቀያየመ ይመስል፣ ለሦስተኛ ቀን በረዶውን ሲያራግፍ ዋለ።

በሐምሌ፣ ያውም ጮቄ ተራራ ሥር፣ ድንኳን ተክሎ ልጆችን ማሳደር የማን ሐሳብ እንደነበር ዛሬም ድረስ የሚያምን አልተገኘም። ትምህርት የሚዘጋው በክረምት ነው፤ ስለዚህ ካምፑም በክረምት ሆነ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። በ1993 ዓ.ም. ሠላሳ አራት ልጆች ከደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ መጡ፤ መስኩ ላይ ሰባት ድንኳን ተከሉ፤ «የተፈጥሮ ካምፕ» የሚል ጨርቅም ሰቀሉ። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶው ሁለቱን ድንኳኖች መሬት ላይ አስተኛቸው፤ ጨርቁንም «ተፈጥሮ» ከሚለው ላይ ሁለት ቦታ ቀደደው። ልጆቹ ፍራሻቸውን ተሸክመው፣ እየጮሁም እየሳቁም፣ ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሮጡ። ከዚያ ወዲህ በሩ ለሽንት ቤት ካልሆነ በቀር ተከፍቶ አያውቅም።

የካምፑ አስተባባሪ አቶ እንዳላማው ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ የሚነፉበት ቦታ አጥተው ይንጎራደዱ ነበር።

«አለቀልን፣ አይናዲስ» አሉ። «ለወላጅ የነገርነው ተራራ ይወጣሉ፣ ወንዝ ይሻገራሉ፣ ወፍ ይቆጥራሉ ብለን ነው። እዚህ ምን ይቁጠሩ? ምስማር?»

«ተራራውን እናስገባዋለን» አለች አይናዲስ።

«በየት በኩል?»

«በበሩ ነዋ።»

ከልጆቹ ጋር ለረዳትነት የመጣችው አይናዲስ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣለች፤ የቀረውን ከከተማው ቤተ መጻሕፍት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ራሷን በራሷ አስተምራለች። ዲፕሎማ የያዙት ሁለቱ መምህራን ካልሲያቸውን ከሰል ላይ ሲያደርቁ፣ እሷ ድንኳኖቹን አዳራሹ ውስጥ ተከለቻቸው። ካስማው ሲሚንቶ አልበሳ ሲላት ገመዱን ከዴስክ እግር ጋር አሰረችው። የተረፉትን ዴስኮች ደራርባ ጮቄን ሠራች፤ ጫፉ ላይ የደረሰ ልጅ አንድ ቅቅል ድንች ይሸለማል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በጠመኔ ዓባይን አሰመረች፤ ድልድዩን ትቶ ዓባይን የረገጠ ልጅ አዞ በልቶታልና ጥግ ሄዶ ይቀመጣል። ድንኳኖቹም ከተሞች ሆኑ። ከበሩ አጠገብ ያለውን፣ የራሷን፣ ሉማሜ አለችው። ከዓባይ ማዶ፣ አዳራሹ መጨረሻ ላይ ያለውን ደግሞ ደምበጫ ብላ ካምፑን ለሚያግዘው ለሮብ ገበያው ዲያቆን ለአካለ ወልድ ሰጠችው።

«የእርስዎ ድንኳን ደምበጫ ነው፣ ዲያቆን» አለችው ቀና ብላ ሳታየው። «መቼም መንገዱ አይጠፋዎትም።»

አካለ ወልድ የያዘውን ፍራሽ ትከሻው ላይ አስተካከለ።  ከዚያ ፍራሹን ይዞ ወደ ተመደበለት አገር ተሻገረ።

ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶታል። የካምፑ ሰው ሁሉ ያውቃል። አባቱ ቄስ አምደሚካኤል ደምበጫ ላይ የካህን ልጅ አጭተውለታል፤ ሽማግሌ ተመርጧል፤ የፊታችን እሑድ ይዘውት ይሄዳሉ። ልጅቷ ለቁርባን ጋብቻ የበቃች ድንግል ናት፤ ሥርዓቱ ሲፈጸም እሱም ይቀስሳል፤ አባቱ ሠላሳ ዓመት የቆሙበትን መቅደስ ይረከባል። አይናዲስ ይህን የሰማችው ከአቶ እንዳላማው አፍ ነው፣ ድንች እየላጠች። ቢላዋው እጇን አልቆረጣትም። ልጣጩ ግን ከዚያ በኋላ ወፍራም ወፍራም እየሆነ ወጣ።

አምና ይህን ሰው «አንተ» ነበር የምትለው። አንድ መጽሐፍ ሁለቱም ፈልገውት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተጣሉ፤ ሲጣሉ ተዋወቁ፤ ከዚያ በየሳምንቱ የሚጣሉበት መጽሐፍ መፈለግ ሆነ ሥራቸው። አንድ ቀን ስመ ክርስትናዋን ጠየቃት። «ለምንህ?» ስትለው፣ «በቅዳሴ ላስብሽ» አላት። ያን ቀን ቤቷ እንዴት እንደደረሰች አታስታውስም።

በመጋቢት አባቱ ወደ ሮብ ገበያ ሲጠሩት፣ በመጽሐፍ መሃል አጥፋ ደብዳቤ ሰጠችው። «በልጅነቴ ተድሬ ነበር» ይላል ደብዳቤው። «አገሩ የሚያውቀኝ ፈት ብሎ ነው። አንተ ደግሞ ቅስና የሚጠብቅህ ሰው ነህ፤ ዲያቆን ፈት ካገባ ክህነቱ እንደሚፈርስ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ይህን ሰምተህ የምትሸሽ ከሆነ ሽሽ። የማትሸሽ ከሆነ ግን ጻፍልኝ።»

አራት ወር ሙሉ ምንም አልመጣም። አሁን ካምፕ ተብሎ ከአውቶቡስ ስትወርድ ልጆቹን ሊቀበል ቆሞ አገኘችው። እንግዲህ ሦስት ቀን ሆነ፤ አንድ ጣሪያ ሥር፣ በጠመኔ ወንዝ ተለያይተው፤ እሱ አንገቱን ሲደፋ እሷ ታየዋለች፣ እሷ ፊቷን ስታዞር እሱ ያያታል።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ በረዶው ቆርቆሮውን የሚሰብረው መሰለ። ከልጆቹ ትንሹ ውበቱ ዴስክ ሥር ገብቶ «እማዬ!» አለ፤ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ያዘ፤ አዳራሹ ለቅሶ ሆነ። አቶ እንዳላማው ፊሽካ ቢነፉ የባሰ አስደነገጡ። ይኼኔ ከደምበጫ በኩል ዝማሬ ተነሣ። አካለ ወልድ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ውበቱን በጋቢው ጠቅልሎ፣ ልጆች የሚያውቁትን መዝሙር ዝቅ አድርጎ ጀመረ። ድምፁ ከበረዶው ጋር አልታገለም፤ በሥሩ አለፈ። መጀመሪያ የቅርቦቹ ተቀበሉ፣ ከዚያ ከዓባይ ወዲህ ያሉትም።

አይናዲስ ጀርባዋን ሰጥታ የላላ ገመድ ማሰር ያዘች። ቋጠሮው አምስት ጊዜ ተፈታባት። ለካ ይህን ድምፅ አራት ወር ሙሉ ስትሰማው ነበር፤ ዝም ባለ ቦታ ሁሉ።

ልጆቹ ሲረጋጉ ናፍቆታቸው መጣ። ማሬ የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ዓይኗ እንደ ዳኛ የሚያይ፣ ወገቧን ይዛ አይናዲስ ፊት ቆመች።

«እትዬ አይናዲስ፣ ከተማ ካለን ፖስታ ቤት የለንም እንዴ?»

የብስኩት ካርቶን ተበሳ፤ ፖስታ ቤት ሆነ። ማሬ ኃላፊ ተሾመች። ወረፋው በአንዴ ግፊያ ሲሆንባት አይናዲስ ሕግ አወጣች፦ ፖስታ ቤቱ የሚከፈተው በቀን አንድ ጊዜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ካርቶኑን የነካ ሰው ይባረራል።

«ማንም ቢሆን?» አለች ማሬ።

«ማንም ቢሆን። እኔም ብሆን።»

አድራሻ አጻጻፍ እንዲያስተምር የተለመነው አካለ ወልድ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ያማረ ነውና። ልጆቹ ከበቡት። አንድ ወረቀት እንደ ፖስታ አጠፈ።

«የተቀባዩ ስም እዚህ ላይ። ከተማው ከሥሩ። የላኪው ከጀርባ። እንዲህ ነው» አለና ጽፎ ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

አይናዲስ በልጆቹ አናት ላይ አሻግራ አነበበችው። ለወለተ ኢየሱስ። ደብረ ማርቆስ።

ሌላ ምንም አልነበረበትም።

 ደብረ ማርቆስ ፖስታ ቤት፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ደብዳቤ የመጣላቸው ሰዎች ስም የሚለጠፍበት ሰሌዳ አለ። እሷ ማክሰኞና ዓርብ፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ስሟን ልትፈልግ እዚያ ስትቆም ከረመች። «አይናዲስ» የሚል አንድም ቀን አልነበረም። ሦስተኛው መስመር ላይ ግን ከሚያዝያ ጀምሮ ያልተነሣ አንድ ስም ነበር፤ ያለ አባት ስም፣ ብቻውን፦ ወለተ ኢየሱስ። መነኩሲት ናት ብላ ገምታ ነበር። ስመ ክርስትናዋን የምትጋራ አንዲት አሮጊት መነኩሲት። አንድ ዓርብ እንዲያውም ቀንታባት ነበር፤ ለመነኮሰች እንኳ የሚጽፍ አለ ብላ።

ልጆቹ ወረቀት ሊቀዱ ሲበተኑ ወደ እሱ ሄደች። ዓባይን ድልድዩን ትታ ረግጣው አለፈች።

«ይህችን ሴት የት ያውቋታል?»

«እርስዎ ማለቱን ተይው።»

«ጠየቅሁ እኮ!»

«አንቺ ነሻ!» አለ ግራ ገብቶት። «ሌላ ማንን አውቃለሁ?»

«በሚያዝያ... በዚህ ስም ጽፈህልኛል?»

«ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት። መልስ አልሰጠሽኝም።»

«አካለ ወልድ! በዚህ ስም የሚጠራኝ እኮ ነፍስ አባቴ ብቻ ናቸው! አክስቴ እንኳ አታስታውሰውም!»

«እኔ በዚሁ ነው የምጠራሽ። በየቅዳሴው። አይናዲስ ሲሉሽ ሌላ ሰው የሚጠሩ ነው የሚመስለኝ።»

«እሺ፣ የአባቴ ስምስ?»

«ጸሎት ላይ የአባት ስም አይጠራማ።»

«ፖስታ ቤትና መቅደስ አንድ ነው እንዴ፣ አንተ ሰው!»

ጮኸች። ማሬ ከካርቶኗ ላይ ቀና አለች። አካለ ወልድ ፊቱ ከግንባሩ ጀምሮ ቀላ፤ የሠራው ስሕተት አሁን ነው የገባው። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያንኑ ነገር አሰቡ። ያ ደብዳቤ አሁንም ደብረ ማርቆስ ፖስታ ቤት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ደግሞ መኪና የማያሳልፍ ጭቃ አለ።

«ምን ብለህ ነበር?» አለችው። «በቃልህ ንገረኝ።»

አካለ ወልድ አየር ሳበ። ጀመረም። ግን በረዶው ተመልሶ ቆርቆሮው ላይ ወረደ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየች እንጂ አንድም ፊደል አልደረሳትም። ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ፣ ከአራት ወር በኋላ እየመለሰላት፣ አትሰማውም። ከንፈሩ ቆመ። እጁን አነሣና አወረደ። ከዚያ ከልጆቹ ወረቀት አንዱን ይዞ ወደ ድንኳኑ ገባ።

ሲወጣ የታጠፈ ወረቀት ይዟል። ሊሰጣት እጁን ሲዘረጋ ማሬ በመሃል ገባች።

«ጋሼ ዲያቆን፣ በእጅ ማቀበል የለም። በፖስታ ቤት ነው።»

«ማሬዬ፣ ይኼ እንኳ...»

«ማንም ቢሆን ብላለች። እኔም ብሆን ብላለች። ብለሻል አይደል፣ እትዬ?»

አይናዲስ ልጅቷን አየቻት። እጇ ወደ ወረቀቱ ሊዘረጋ ደርሶ ነበር። ዙሪያውን ያሉት ልጆች ምን ትል እንደሆነ ይጠብቃሉ።

«ብያለሁ» አለች።

ወረቀቱ ካርቶኑ ውስጥ ገባ። ገና ስድስት ሰዓት ነበር።

ሦስት ሰዓት እንዲህ ይረዝማል? ልጆቹን ጮቄን አስወጣቻቸው፤ ከግድግዳው ላይ በከሰል የሣለቻቸውን ወፎች አስቆጠረቻቸው፤ አሥራ ሁለት ናቸው ሲሏት «ትክክል» አለች፤ ዘጠኝ ናቸው ሲሏትም «ትክክል» አለች። ውበቱ ዓባይ መሃል ተቀምጦ ድንች ሲበላ አዞው ዝም አለው። የምታየው ካርቶኑን ብቻ ነበር። እዚያ ውስጥ፣ ከሠላሳ አራቱ ልጆች «እማዬ ዶሮዋ ደህና ናት?» መሃል፣ የእሷ ዕጣ ታጥፎ ተኝቷል። ከማዶ እሱም ልጆቹን እያጫወተ ካርቶኑን ያያል። ዓይናቸው እዚያ ይገናኝና ይሸሻል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ማሬ በማንኪያ የብረት ሳሕን መታች። ስም መጥራት ጀመረች።

«ለወለተ ኢየሱስ!» አለች በመጨረሻ። «ወለተ ኢየሱስ የሚባል አለ እዚህ?»

«አሮጊት ናት!» አለ አንዱ፤ ልጆቹ ሳቁ።

«እኔ ነኝ» አለች አይናዲስ።

ሉማሜ ውስጥ ገብታ የድንኳኑን በር ዘጋች። ወረቀቱን ፍራሹ ላይ ዘርግታ፣ ተንበርክካ አነበበችው።

«ወለተ ኢየሱስ፦ በሚያዝያ የጻፍኩልሽን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁና ይኸው ደግሜ እጽፈዋለሁ። ደብዳቤሽን ሦስት ሳምንት ይዤው ዞርኩ። አላፍርም፣ ከበደኝ። በዳግማይ ትንሣኤ አባቴ ሲቀድሱ አጠገባቸው መብራት ይዤ ቆሜ፣ እኔ ባልኖር እዚህ ቦታ ሌላ ዲያቆን ይቆማል አልኩ። አንቺ ዘንድ ግን ሌላ ሰው እንዲቆም አልፈልግም። ድቁናዬን እተዋለሁ። አባቴ መሬት አላቸው፤ ድንች እተክላለሁ። ስለ ልጅነትሽ አልጠይቅሽም። ዛሬም አልጠይቅሽም፣ ተጋብተንም አልጠይቅሽም፣ ስናረጅም አልጠይቅሽም። ይህን ነበር ያልኩሽ።

አሁን የምጨምረው አንድ ነገር ነው። እሑድ ወደ ደምበጫ ሊወስዱኝ ነው። እንዳልሄድ አንድ ቃል ይበቃኛል። ዝም ካልሽ ግን፣ ከእንግዲህ ዝምታሽን ለራሴ የምተረጉምበት አቅም የለኝም።»

ጋቢዋን አፏ ውስጥ ከተተች፣ ልጆች እንዳይሰሙ። ሰው ሁሉ ጠይቋት ያውቃል፤ በአሽሙርም፣ በአዛኝ ፊትም። አለመጠየቅ ፍቅር መሆኑን ያሳያት ሰው አልነበረም።

ቀና ስትል አንድ ነገር ጎደላት። ጣሪያው ዝም ብሏል።

«ፀሐይ!» ብሎ ጮኸ ውበቱ። «ፀሐይ ወጥታለች!»

በሩ ተበረገደ። ሠላሳ አራት ልጆች አንዱ በአንዱ ላይ እየተረማመዱ ወጡ። አቶ እንዳላማው በሦስት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊሽካቸውን ከልባቸው ነፉት። አይናዲስ ከድንኳኗ ስትወጣ አዳራሹ ባዶ ነበር። ዘንበል ያለ ጮቄ፣ የተበታተነ ወረቀት፣ ከማዶ ደግሞ እሱ። ሦስት ቀን ሙሉ ይህ በር እንዲከፈት ስትመኝ ቆይታ፣ አሁን በረዶው ለአንድ ሰዓት እንኳ ቢመለስ ምን ነበረበት አለች በልቧ።

አካለ ወልድ የጠመኔው መስመር ጋ ቆሞ አልተሻገረም።

«ና፤ አዞዎቹ ሁሉ ውጭ ናቸው» አለችው።

መጣ። ሳይነካት፣ ትንፋሹ እስኪሰማት ቀርቦ ቆመ።

«አልጠየቅከኝም» አለች። «ስላልጠየቅከኝ እነግርሃለሁ። ሲድሩኝ አሥር ዓመቴ ነበር፤ በማደጎ። ልጅቷ እስክትደርስ አማቷ ታሳድጋት ተብሎ። ስምንት ወር ከአማቴ ጎን፣ አንድ አጎዛ ላይ ተኛሁ። ልጁ ራሱ ከብት ጋ ነበር የሚያድረው፤ ፊቱን እንኳ በደንብ አላስታውሰውም። አንድ ቀን ድንች የጫነ መኪና ላይ ተሰቅዬ ወደ አክስቴ ጠፋሁ። ፈትነቴ ይኸው ነው። ነፍስ አባቴ ያውቃሉ፤ አማቴም በሕይወት አሉ። ከእነሱ ሌላ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሰው ፈት ሲለኝ፣ አይደለሁም ብዬ የምለማመጥበት ምን ዕዳ አለብኝ?»

አካለ ወልድ ዴስኩ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ብርሃን ሲመጣ አየች፤ ያ ብርሃን ግን አስፈራት።

«እንግዲያማ... እንግዲያማ በቁርባን እንጋባለን እኮ! ለአባቴ ልንገራቸው። ነፍስ አባትሽ ይመስክሩ፣ እኔም...»

«አትነግራቸውም።»

«ለምን?»

«አባትህ መዝነው እንዲቀበሉኝ አልፈልግም። መጀመሪያ እንደ ፈት ውሰደኝ። በደብዳቤህ ላይ እንዳልከው።»

 ብርሃኑ ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ። 

«ብያለሁ» አለ። «ያልኩትን አልመልስም። ዛሬውኑ ከዳገቱ ማዶ ሄጄ እንደዚያው እነግራቸዋለሁ።»

ነጠላውን አደገደገ፤ በትሩን አነሣ። በሩ ጋ ደርሶ፣ «ነገ እመለሳለሁ፤ እስከዚያ አትጥፊብኝ» አላት። ስትስቅ እንባዋ ቀደማት።

አይናዲስ መስኩ ላይ ወጣች። አረንጓዴው ታጥቦ ዓይን ይወጋል፤ በየጉድጓዱ ያልቀለጠ በረዶ ያብረቀርቃል፤ ልጆቹ እየለቀሙ ይወራወራሉ። እሱ ወደ ጅረቱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ነጠላው እያነሰ ይሄዳል። ያለችው ሆኖላታል፤ ያሸነፈች ሰው መሆን ነበረባት።

ልጆቹ ያን መዝሙር ጀመሩ። ያለ እሱ። ዜማው መሃል ላይ ተሰበረባቸው፤ የሚያነሣላቸው ጠፍቶ አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ሄደ። አይናዲስ ቀጥ ብላ ቆመች። እሑድ ታያት። የመጪው ዓመት እሑድ፣ ከዚያ በኋላ ያለው እሑድ ሁሉ። እሱ ከመቅደሱ ውጭ፣ ከሕዝቡ መሃል፣ አፉን ዘግቶ ቆሞ። አንድም ቀን አይወቅሳትም፤ ጠባዩ አይደለም። ድንቹን ተክሎ፣ ማታ ገብቶ፣ እንዴት ዋልሽ ይላታል። ያ ድምፅ ግን የለም። የቀበረችውም እሷ ናት፤ አንድ እውነት ላለመናገር ብላ።

ሮጠች። ጭቃው አንዱን ጫማዋን ያዘ፤ ትታው ሮጠች። ሌላኛውንም ያዘ።

«አካለ ወልድ! ንገራቸው!»

ልጆቹ መዝሙሩን አቋረጡ። አቶ እንዳላማው ፊሽካቸውን ከአፋቸው አወጡ።

«ንገራቸው! በማደጎ ነበረች በላቸው! ከአማቷ ጎን ነበር የምትተኛ በላቸው!» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ካላመኑ እኔ ራሴ እመጣለሁ! ደጃቸው ቆሜ እናገራለሁ! ሁሉንም ንገራቸው!»

አካለ ወልድ ጅረቱን ተሻግሮ ነበር። ቆመ።  ከዚያ ዞረ። ፊቱን ለማየት ሩቅ ነው፤ ግን ወደ መሬት ጎንበስ ሲል፣ መቅደስ ደጃፍ ላይ እንደሚሰግድ ሰው ግንባሩ እርጥቡን ሣር ሲነካ አየችው። ተነሣና ዳገቱን ያዘ፤ አሁን እየሮጠ ነው።

ማሬ ሁለት ጫማ በእጇ አንጠልጥላ አጠገቧ ደረሰች።

«እትዬ አይናዲስ፣ እግርሽ እኮ ባዶ ነው። አይቀዘቅዝሽም?»

 በረዶው ከእግር ጣቶቿ መሃል ይቀልጣል። ሠላሳ አራት ልጆች፣ ሁለት ዲፕሎማ የያዙ መምህራን፣ አንድ ባለ ፊሽካ ሰው ያዩዋታል፤ አራት ወር ሙሉ ከአክስቷ እንኳ የደበቀችው ፍቅር አሁን ፊቷ ላይ ተዘርግቷል፤ ልትሸፍነውም አልፈለገችም። ከዳገቱ ላይ ነጠላው ገና ይታያል፤ የጣት ጥፍር ያህል። ጭጋጉ እየወረደ ነው። ሊሰወር ገና ሃያ እርምጃ ቀርቶታል፤ እሷን ግን ከወዲሁ ናፈቃት።